ስለ ማሽ ተውኔት ከፍታና ቍልቍለት

ቀትር ማለፉን ሰው በሰዓቱ አያውቀውም፤ ጥላው ወደ ሌላው ወገን ሲረዝም አይቶ ነው የሚያስተውለው። ብዙ ዓመት በቆየ የሣቅ ተውኔትም እንዲሁ ይሆናል። ተመልካቹ በየሳምንቱ ተቀምጦ ሲሥቅ ይኖርና፥ አንድ ቀን ሣቁ ከልቡ ሳይሆን ከልማዱ እንደ መጣ ይታወቀዋል፤ ያን ጊዜ፥ ይህ ነገር ድሮ እንዲህ አልነበረም፥ የተበላሸው ከመቼ ወዲህ ነው? ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የጨዋታ ቢመስልም በውስጡ ከባድ ነገር አለበት፤ መቼ እንደ ተበላሸ ለማወቅ፥ አስቀድሞ በምን መልካም እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋልና።

ለዚህ ምርመራ ከአሜሪካ ቴሌቪዥን ማሽ የተባለውን ተውኔት መርጠናል። ስሙ ተንቀሳቃሽ የጦር ሠራዊት የቀዶ ጥገና ሆስፒታል ለማለት በእንግሊዝኛ ከሚጻፉት ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች የተገጣጠመ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከሴፕቴምበር 17 ቀን 1972 እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1983 ድረስ በሲ.ቢ.ኤስ. ጣቢያ ታየ፤ (ከዚህ በታች የሚጻፉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)፤ ክፍሎቹም 251 ናቸው። ነገሩ የሚፈጸመው በኮርያ ጦርነት ጊዜ፥ ከግንባሩ ጥቂት ርቆ በድንኳን በተቋቋመ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሄሊኮፕተር ቍስለኞችን ያመጣል፤ በግድ ከየቤታቸው ተጠርተው የመጡ ሐኪሞች ሌሊትና ቀን ይቀዳሉ፥ ይሰፋሉ፤ ከዚያም እንዳያብዱ ይቀልዳሉ፥ ይጠጣሉ፥ በአለቆቻቸውም ያሾፋሉ።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን የሩቅ አገር ወሬ አድርጎ ሊያልፈው አይገባም። ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ጦር ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋራ ተሰልፎ በዚያው አገር ተራሮች ላይ ተዋግቷል፤ ከ120 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በዚያ ወድቀዋል፤ ከመካከላቸው አንድ ስንኳ አልተማረከም። ተውኔቱ የሚያሳየው ድንኳን የእኛም ቍስለኞች የሚያውቁት ዓይነት ድንኳን ነው። ስለዚህ፥ እንዲህ ባለ ስፍራ ሊሣቅ ይገባልን? ብሎ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ቢኖር ጥያቄው የባዕድ ጥያቄ አይደለም። እንግዳው ነገር ደግሞ፥ ከ251ዱ ክፍሎች ምናልባት እጅግ የታወቀው በአገራችን የጥንት ስም መጠራቱ ነው፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

የተውኔቱ ምንጭ በ1968 የታተመ ልብ ወለድ ነው፤ የጻፈውም በኮርያ ያገለገለ ቀዳጅ ሐኪም ሲሆን ሪቻርድ ሁከር በሚል የብዕር ስም ተጠቅሟል። በ1970 ሮበርት አልትማን ወደ ሲኒማ አዞረው። ለቴሌቪዥን ያሰናዱት ግን ደራሲው ላሪ ጌልባርትና አዘጋጁ ጂን ሬይኖልድስ ናቸው። ጊዜውን ልብ ማለት ይገባል፤ በ1972 የአሜሪካ ወጣቶች በቬትናም ገና ይሞቱ ነበር። ስሙ ኮርያ ይባል እንጂ፥ ተመልካቹ ሁሉ በማታው ዜና ያየውን ጦርነት ነው በተውኔቱ የሚያየው።

ጣቢያው አንድ ነገር አዘዘ፤ የሣቅ ተውኔት ነውና በየቀልዱ መጨረሻ የተቀዳ ሣቅ ይግባበት አለ። ጌልባርት ይህን አልወደደም። በመጨረሻ የተስማሙበት፥ በቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ማንም እንዳይሥቅ ነበር። ይህ ትንሽ የሚመስል ስምምነት ለተውኔቱ መልክ ሰጠው እላለሁ፤ ከድንኳኑ ውጭ ሣቅ አለ፥ መጋረጃው ሲገለጥ ዝም ይላል፤ ተመልካቹም ሳይነገረው ወሰኑን ተማረ።

በመጀመሪያው ዓመት ተውኔቱ ከአሜሪካ የቴሌቪዥን ሥራዎች በተመልካች ብዛት 46ኛ ነበረ፤ ሊቀርም ምንም አልቀረውም። በሁለተኛው ዓመት ቀኑ ወደ ቅዳሜ ተዛውሮ ብዙ ሕዝብ ከሚያየው ሌላ ተውኔት ቀጥሎ ቢቀመጥ 4ኛ ሆነ። ይህን ያነሣሁት፥ የተመልካች ቍጥር የሥራውን መልካምነት ከመመስከሩ ይልቅ የጎረቤቱን መልካምነት ሊመሰክር እንደሚችል ለማሳየት ነው።

የቀደሙትን ዓመታት አለመጠን የሚያወድሱ አሉ፤ ከእነርሱ ጋራ አልስማማም። በእነዚያ ዓመታት ነርሶቹ ብዙ ጊዜ የቀልድ ዕቃ ነበሩ፤ ዛሬ የሚያያቸው ሰው ያፍራል። ሻለቃ ማርጋሬት ሁሊሃን የተባለችው የነርሶች አለቃ እንደ ሰው መታየት የጀመረችው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ በዚህ ረገድ የኋለኛው ዘመን ከፊተኛው ይበልጣል። ነገር ግን በጃንዋሪ 28 ቀን 1973፥ ገና በመጀመሪያው ዓመት፥ የታየ አንድ ክፍል አለ። የዋናው ሐኪም የሆክአይ የልጅነት ወዳጅ፥ ስለ ጦርነት መጽሐፍ የሚጽፍ ጋዜጠኛ፥ ሲቀልድና ሲያሥቅ ይቆይና ቈስሎ ይመጣል፤ በወዳጁ እጅም ይሞታል። ሆክአይ ውጭ ወጥቶ ያለቅሳል። የሆስፒታሉ አዛዥ ኮሎኔል ሄንሪ ብሌክ ሊያጽናናው ሲመጣ የሚለው ነገር ጥበብ የሚመስል አይደለም፤ በጦርነት ወጣቶች መሞታቸው አንደኛው ሕግ እንደ ሆነ፥ ሐኪሞችም ይህን ሕግ ሊለውጡት እንደማይችሉ ሁለተኛው ሕግ እንደ ሆነ ይነግረዋል። እንዲህ ያለውን የሚናገረው በቀረው ጊዜ ሁሉ ዓሣ ማጥመጃ ባርኔጣ አድርጎ የሚደናበር ሰው መሆኑ ነው ነገሩን ከባድ ያደረገው።

ይኸው ሄንሪ ብሌክ በማርች 18 ቀን 1975 ሞተ። ተዋናዩ ማክሊን ስቲቨንሰን ሥራውን ለመልቀቅ ፈልጎ ነበር፤ የቴሌቪዥን ልማድ እንዲህ ያለውን ሰው በዕልልታ ወደ ቤቱ መሸኘት ነው። የዚያ ክፍል ስም «አቢሲኒያ፥ ሄንሪ» ይባላል። ስሙ ስለ አገራችን የሚናገረው ነገር የለም፤ በእንግሊዝኛ «እንገናኛለን» የሚለው አነጋገር ፈጥኖ ሲነገር አቢሲኒያ ከሚለው ቃል ጋራ ስለሚመሳሰል፥ አሜሪካኖች ለስንብት ቀልድ ያደረጉት ነው። በክፍሉ ውስጥ ሄንሪ አገልግሎቱን ጨርሶ ይሰናበታል፥ ይስማል፥ ይሥቃል፥ በሄሊኮፕተር ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ያለው የመጨረሻ ገጽ ከጽሑፉ ተቀንሶ ነበርና፥ ከዋናው ተዋናይ ከአለን አልዳ በቀር ተዋናዮቹ እስከ መጨረሻው ሰዓት አላዩትም። ራዳር የሚባለው ወጣት ጸሐፊ አፉን ሳይሸፍን ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ይገባል፤ የኮሎኔሉ አውሮፕላን በጃፓን ባሕር ላይ ተመትቶ እንደ ወደቀ፥ የተረፈም ሰው እንደሌለ ያነብባል። ማንም አይጮኽም። ሐኪሞቹ መቅደዳቸውን ይቀጥላሉ። በዚያ ዝምታ መካከል አንድ መሣሪያ መሬት ላይ ሲወድቅ ይሰማል፤ ይህ ያልታሰበበት ድንገተኛ ነገር ነበር፤ መልካም ሆኖ ስለ ተገኘ ግን እንዳለ ተዉት።

ብዙ ተመልካቾች ተቈጥተው ደብዳቤ ጻፉ፤ ልንሥቅ ተቀምጠን አስለቀሳችሁን አሉ። ቍጣቸው ትክክለኛ ምስክር ነው፤ ሄንሪን ወድደውታልና። ስንብቱ «እንገናኛለን» የተባለው ሰው ዳግመኛ እንዳይገናኝ ሆኖ ሲቀር፥ በቀልዱና በሐዘኑ መካከል የቀረው ርቀት የአንድ ቃል ነበር። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሲሆን፥ በኤፕሪል 30 ቀን 1975፥ ሳይጎን ወደቀች፤ የቬትናም ጦርነትም አበቃ።

እንግዲህ ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው። አንዳንዶች ቍልቍለቱ በዚያው በ1975 ጀመረ ይላሉ፤ ሄንሪ ሞቷል፥ የሆክአይን ጓደኛ ትራፐርን የሚጫወተው ዌይን ሮጀርስም በዚያው ዓመት ወጥቷል። ይህን ፍርድ አልቀበለውም። በእነርሱ ምትክ የመጡት ኮሎኔል ፖተርና ቢ. ጄ. ሃኒካት የሟቹን ወንበር ለመሙላት የተላኩ ጥላዎች አልነበሩም፤ አንዱ በፈረስ ዘመን ያደገ ሽማግሌ ወታደር ነው፥ ሌላው ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ የመጣ ሐኪም ነው፤ ሁለቱም አዲስ ሣቅ ይዘው መጡ። ይልቁንም ከተውኔቱ ሁሉ የላቀው ሥራ የታየው ከሄንሪ ሞት በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1976 የታየው «ቃለ መጠይቅ» የተባለው ክፍል ነው።

ይህን ክፍል ጌልባርት ራሱ ጽፎ ራሱ አዘጋጀው። ሥዕሉ በጥቍርና ነጭ ነው፤ የተቀዳ ሣቅ የለውም። ክሊት ሮበርትስ የተባለ፥ በእውነትም በኮርያ የነበረ ጋዜጠኛ፥ ወደ ድንኳኑ መጥቶ ሐኪሞቹን አንድ በአንድ ይጠይቃቸዋል። ከመልሶቹ አንዳንዶቹን ተዋናዮቹ በዚያው ቦታ ከራሳቸው አፍልቀው የተናገሩት ነው። ጌልባርትና ሬይኖልድስ በኮርያ የነበሩ ሐኪሞችን ሲጠይቁ ኖረዋልና፥ ከሰሙት አንዱን ነገር ለካቶሊኩ ቄስ ለአባ ሙልኬሂ አፍ ሰጡ። ቄሱ በተውኔቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የዋህና የሚያሥቁ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ በክረምቱ ብርድ ቀዳጁ ሐኪም የቍስለኛውን ሰውነት ሲከፍት ከውስጡ እንፋሎት እንደሚወጣ፥ ሐኪሙም በዚያ ላይ እጁን እንደሚያሞቅ ይናገራሉ፤ ይህን ያየ ሰው እንደ ቀድሞው ሆኖ ሊኖር ይችላልን? ብለው ይጠይቃሉ። ከዚህ ፊትና ከዚህ በኋላ ሌሎቹ ይቀልዳሉ። ቀልዱ አያሳፍርም፤ ማን ምን አይቶ እንደሚቀልድ አውቀናልና።

ጌልባርት ከዚህ ክፍል በኋላ፥ 4ኛው ዓመት ሲፈጸም፥ ተሰናበተ። ስለዚህ ቍልቍለቱን ከ1976 የሚቈጥሩ ሰዎች ከቀደሙት ይልቅ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። እኔ ግን አንድ ዓመት እጨምርላቸዋለሁ፤ በ5ኛው ዓመት ሬይኖልድስ ገና በቦታው ነበር፥ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ሞኙ ገና አልሄደም ነበር።

ሞኙ ሻለቃ ፍራንክ በርንስ ነው። ላሪ ሊንቪል የተባለው ተዋናይ አምስት ዓመት ተጫወተው። በርንስ ክፉ ሐኪም ነው፥ ፈሪ ነው፥ ንፉግ ነው፤ ግን ማዕርግ አለው፥ ሥልጣንም ይወድዳል፥ ጦርነቱንም ከልቡ ያምንበታል። ሆክአይና ጓደኞቹ የሚያሾፉት በእርሱ ነው፤ በእርሱ ላይ ሲያሾፉ ግን ልጆቹን ወደ ሞት በሚልከው በዚያ ዓይነት አእምሮ ላይ እያሾፉ ነው። ሊንቪል በዚህ ሰው ላይ የሚቀረኝ ነገር የለም ብሎ በ1977 ውሉ ሲያልቅ ወጣ። የበርንስ የመጨረሻው ትዕይንት ማርጋሬት ሌላ ሰው አግብታ በሄሊኮፕተር ስትሄድ ነው፤ ሁሉም ከተበተነ በኋላ ብቻውን ቆሞ ወደ ሰማይ እያየ በሁለት ቃል ይሰናበታታል። አምስት ዓመት የሣቅንበት ሰው በዚያች ደቂቃ ያሳዝናል፤ ደግሞም አልተለወጠም፥ ያው ሞኝ ነው። የሣቅ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ሊያደርግ ይችላል?

በሴፕቴምበር 20 ቀን 1977 6ኛው ዓመት ሲከፈት በርንስ የለም። ወሬው ብቻ ይመጣል፤ ማዕርጉ ከፍ ብሎ በአገሩ በኢንዲያና በአንድ የወታደሮች ሆስፒታል ተሹሟል ይባላል። ሆክአይ በብስጭት ያብዳል። ይህን የአሮጌው ማሽ የመጨረሻ እውነተኛ ቀልድ እለዋለሁ፤ ሞኙ ተሾመ፥ አዋቂዎቹ በጭቃው ውስጥ ቀሩ። (የሚያስገርመው ግን፥ «ሃፒ ዴይስ» በተባለ ሌላ ተውኔት አንድ ጐረምሳ በውኃ ላይ እየተንሸራተተ ሻርክ የተባለውን ነጣቂ ዓሣ የዘለለው በዚያው ማታ ነበር፤ አሜሪካኖች አንድ ተውኔት ከፍታውን አለፈ ለማለት «ሻርኩን ዘለለ» የሚሉት ከዚያ ተነሥተው ነው። በአንድ ምሽት ሁለት ቀትር አለፈ ማለት ነው፤ ስለ አንዱ ዓለም ሁሉ ያወራል፥ ሌላውን ግን ብዙ ሰው አላስተዋለውም።)

በበርንስ ፈንታ ቻርልስ ዊንቸስተር መጣ፤ የቦስተን ባለጸጋ ልጅ፥ ትምክሕተኛ፥ ሙዚቃ ወዳጅ፥ ይልቁንም ድንቅ ቀዳጅ ሐኪም። ዴቪድ ኦግደን ስታየርስ በሚያስደንቅ ጥበብ ተጫውቶታል፤ ተዋናዩ ላይ ነቀፋ የለኝም። ነገር ግን በርንስ ሲሄድና እርሱ ሲመጣ፥ በድንኳኑ ውስጥ ክፉ ሐኪም ወይም ሞኝ አለቃ አልቀረም። ሁሉም ብልሆች፥ ሁሉም ርኅሩኆች፥ ሁሉም በነገር አዋቂዎች ሆኑ። ሣቅ ደግሞ የሚገፋው ግድግዳ ይፈልጋል። በውጭም ያለው ግድግዳ ፈርሶ ነበር፤ ቬትናም ካለቀ ሁለት ዓመት አልፎታልና፥ ደራሲዎቹ በሕያው ጦርነት ላይ መቈጣት ቀርቶ በትዝታ ላይ ማዘን ጀመሩ። ሬይኖልድስም በዚያው ጊዜ ስለ ወጣ፥ ሥራው በበርት ሜትካፍ እጅ ገባ፤ የአለን አልዳም ድርሻ በጽሕፈቱና በዝግጅቱ እየበዛ ሄደ። አልዳ በአንድ ተውኔት በተዋናይነት፥ በደራሲነትና በአዘጋጅነት የኤሚ ሽልማት በመቀበል የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ይህም የሚገባው ነበረ። ነገር ግን ሆክአይ ቀድሞ በቀልድ የሚያልፈውን ነገር አሁን ያስረዳ ጀመር። ስብከት የራሱ ቦታና የራሱ ሰዓት አለው፤ በቀልድ መካከል ሲገባ ግን ሁለቱም ይጎዳሉ።

የጊዜውንም ነገር ማንሣት ይገባል። የኮርያ ጦርነት ከጁን 25 ቀን 1950 እስከ ጁላይ 27 ቀን 1953 ድረስ ቆየ፤ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር ነው። ተውኔቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። የተዋናዮቹ ፀጉር ሸበተ፤ የልደት በዓል ከጦርነቱ ዓመታት ቍጥር በላይ ተከበረ። ኮሎኔል ፖተር ሲመጣ ቀኑ ሴፕቴምበር 1952 እንደ ሆነ ተነግሮ ነበር፤ በዲሴምበር 1980 በታየ ክፍል ግን ይኸው ፖተር የ1951ን ዓመት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዚያው ድንኳን ሲያሳልፍ ይታያል። እንዲህ ያለው ስሕተት በራሱ ቀላል ነው። የሚያሳየው ነገር ግን ቀላል አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተመልካቹ እነዚህ ሰዎች ወደ ቤታቸው ይመለሱ ይሆን? እያለ ይፈራላቸው ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ቤታቸው ድንኳኑ ሆነ። ጦርነት ቤት ሲሆን የሚያስፈራው ነገር ያልቃል።

ከ1977 ወዲህ መልካም ሥራ አልተሠራም አልልም። በኖቬምበር 1978 አንድ ክፍል፥ ጕሮሮው ተመትቶ መናገር በማይችል ቍስለኛ ወታደር ዓይን ብቻ ታይቷል፤ እኛም በአልጋው ላይ ተኝተን የሐኪሞቹን ፊት ከበላያችን እናያለን። ዓይነቱ አዲስ ነው፥ ልብም ይነካል። ግን የምናደንቀው ብልሃቱን ነው፤ በ«ቃለ መጠይቅ» ጊዜ ብልሃቱን ማየት ረስተን ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ የሚቀርበው ትልቁ ማስረጃ የመጨረሻው ማታ ነው። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1983 ከ100 ሚሊዮን የሚበልጥ የአሜሪካ ሕዝብ የመሰናበቻውን ክፍል ተመለከተ፤ እስከ 2010 ድረስ፥ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፥ ይህን የሚበልጥ ተመልካች በአሜሪካ አልተገኘም። በርእሱ የሣቅ ተውኔት የሆነው ሥራ በዚያ ማታ ሆክአይን በአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ውስጥ አሳየ። በአውቶቡስ ውስጥ ተደብቀው ሳሉ ጠላት እንዳይሰማ ዝም አሰኙልኝ ብሎ ነበር፤ አንዲት ሴት ዶሮዋን አንቃ ገደለች ብሎ ያስባል፤ በመጨረሻ ግን የታነቀው ሕፃን እንደ ነበረ ያስታውሳል። በ1982 የተነሣ ሰደድ እሳት የቀረጻውን ሰፈር ስለ በላው፥ ያንም ቃጠሎ በታሪኩ ውስጥ አስገቡት። አባ ሙልኬሂም በፍንዳታ ጆሯቸው ይደነቍራል። ይህ ሁሉ ብርቱ ነው፤ ያየሁትም ሳልነካ አይደለም። ሆኖም ያ ሕዝብ የመጣው ሊሥቅ አልነበረም፤ አሥር ዓመት የኖረ ጎረቤቱን ሊሸኝ ነበር። ሸኚ ሲበዛ የሟቹ ዕድሜና ወዳጅነት ይታወቃል እንጂ፥ ጤናው መቼ እንደ ተቃወሰ አይታወቅም። የሽልማቱ መዝገብም ቢሆን፥ ምርጥ የሣቅ ተውኔት ተብሎ ኤሚ የተቀበለው አንድ ጊዜ ብቻ፥ በ1974፥ መሆኑን ነው የሚመሰክረው።

አንባቢ ሆይ፥ ፍርዴን በራስህ መመርመር ብትፈልግ የሚቀልል መንገድ አለ። በብሪታንያ ቢ.ቢ.ሲ. ተውኔቱን ያሳየው የተቀዳውን ሣቅ አውጥቶ ነበር፤ በኋላ በዲቪዲ ሲታተምም ሣቁን ለማጥፋት የሚያስችል ምርጫ ተደርጎበታል። ከ1973 እስከ 1977 ከታዩት አንዱን ሣቁን አጥፍተህ ተመልከት፤ ዝምታው ያስደነግጥሃል፥ ከዚያ በኋላ ግን ራስህ ትሥቃለህ፥ የሣቅህም ድምፅ በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ይሰማል። ከ1977 በኋላ ከታዩት አንዱን ደግሞ እንዲሁ አድርግ። እኔ እንዲህ አድርጌ ሳይ፥ ሣቁ መጥፋቱን የተረዳሁት ክፍሉ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነበር።